ከፎቶው በኋላስ?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተለያዩ ባህሎችን በዓላት አብረው ቢያከብሩ ልጆች ይቀራረባሉ ይላል። ልክ ነው። ግን ዓመታት እንዳስተማረ ሰው ልናገር፤ አብዛኛው ጊዜ የአንድ ቀን ድግስ ሆኖ ይቀራል። ባንዲራ ይሰቀላል፣ ልጆች አምረው ፎቶ ይነሳሉ፣ በማግስቱ ሁሉም ይረሳል።

እኔም ተሳስቻለሁ። አንዲት የ8 ዓመት ተማሪዬን ድንገት አስነስቼ «እስቲ ስለ በዓላችሁ ንገሪን» አልኳት። የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች አንገቷን ደፋች። ለካ ልጅቷ የምትፈልገው ከጓደኞቿ ጋር መመሳሰል ነው! ከዚያ ወዲህ ልጁ ራሱ ካልፈለገ አላስነሳም፤ ወላጆቹንም ቀድሜ አማክራለሁ።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ይላል፤ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል የዲዋሊም ቀን ይለዋወጣል። ይህን ሳያዩ ፈተናን በሰው በዓል ላይ የሚጥሉ ሞልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 30 እኮ የአናሳ ማኅበረሰብ ልጆች በባህላቸው የመኖር፣ ሃይማኖታቸውን የመከተል መብት አላቸው ይላል። መፍትሔው ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ትምህርት ሲጀመር «የትኞቹን ቀናት ታከብራላችሁ?» የሚል አንድ ወረቀት ለወላጆች መላክ፣ ከዚያ የፈተናውን ፕሮግራም ማውጣት።