ለክቡር ቅጽ ኤዲ-3114 የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከኤፕሪል 15 በኋላ በሕይወት የተገኙ ሰንጋዎችን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2020 በኮሮና ለተጎዱ ገበሬዎች 16 ቢሊዮን ዶላር የቀጥታ ክፍያ ሲመድብ የካሣ ማመልከቻ ቅጽ የሆኑትን እርስዎን በር ጠባቂ አድርጎ ስለሾመዎት፣ ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ደስ አለዎት። ሹመትዎ ከደረሰባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ በሰንጋ ማድለብ ስሙ የሚነሳውና ከነዋሪው ከብቱ የሚበዛው የነብራስካው ከሚንግ ካውንቲ ነው።

እንግዲህ አንድ ገበሬ ሁለት ሰንጋ ከአንድ ገንዳ እያበላ አደለበ እንበል። አንደኛው ኤፕሪል 15 ተሸጠ፤ እርስዎም 214 ዶላር ጻፉለት። ሁለተኛው በማግስቱ ማለዳ በረት ውስጥ ቆሞ በቆሎውን ሲያመነዥክ ተገኘ፤ የተፈረደለትም 33 ዶላር ነው። ያደረው ሰንጋ ምን በደለ ለሚል መልስ አለዎት፦ እስከ 15 የደረሰው ኪሳራ ምክር ቤቱ ኬርስ በተባለው የኮሮና ድጎማ ሕግ ከፈቀደው ገንዘብ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ የሸቀጥ ብድር ኮርፖሬሽን ከሚባል ሌላ የመንግሥት ቋት የሚከፈል ነበር። በሌሊት ቋት መቀየሩን ለሰንጋው የነገረው ግን አልነበረም።

ቫይረሱ የአሜሪካን ገበያ ገና ሳይነካ በጃንዋሪ መጨረሻ የተሸጠው ሰንጋ 214 ዶላሩን ሲያገኝ፣ በኤፕሪል ትላልቅ ቄራዎች ሠራተኞቻቸው እየታመሙባቸው በራቸውን ሲዘጉ ተቀባይ አጥቶ በረት የቀረው 33 ብቻ እንዲደርሰው ያደረገውን ጥበብ ሳላደንቅ አላልፍም። ወረርሽኙን ሸሽቶ ያመለጠውን የሚሸልም፣ የተያዘውን ግን ለምን አላመለጥክም ብሎ የሚቀጣ ካሣ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ስለ ስንዴ ብዙ አልልም። ለመኮሮኒ የሚሆነውን ዱረምና በጸደይ የሚዘራውን ቀዩን ስንዴ ተቀብለው፣ በረዶ ለብሶ የከረመውን የካንሳስ ስንዴ ዋጋህ 5 ከመቶ አልወደቀም ብለው መልሰውታል።

ደግሞ ብቻዎን አልመጡም። የገበሬው ገቢ ከተወሰነው ጣሪያ አለማለፉን የሚያረጋግጠው ቅጽ ሲሲሲ-941፣ ረግረግ መሬት አለማረሱን የሚያስምለው ቅጽ ኤዲ-1026 ተከትለዎት ነበር። ገበሬው ይህን ሁሉ የሞላው የካውንቲው ቢሮ ለባለ ጉዳይ ተዘግቶ፣ በስልክ ቀጠሮ ብቻ ይስተናገድ በነበረበት ወቅት ነበር። ሞልቶ ሲጨርስ ከሚገባው 80 ከመቶውን ሰጡት፤ ቀሪው 20 እስከ ኦገስት ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበት ቆይቷል። ለአንድ ሰው 250,000፣ በእርሻው የሚሠሩ ሦስት ባለ አክሲዮኖች ላሉት ድርጅት ደግሞ 750,000 ዶላር ይደርስ የነበረውን የክፍያ ጣሪያ ግን በጥቂት ከብት የሚተዳደር ሰው አንጋጦ ከማየት በቀር አልነካውም፤ ክፍያው በከብት ቁጥር ነበርና ብዙ ያለው ብዙ ወሰደ።

በሴፕቴምበር ታናሽዎ፣ የሁለተኛው ዙር ካሣ ቅጽ ኤዲ-3117 ተወልዶ ስንዴን ሁሉ ያለ ዘር ልዩነት ሲቀበልና ለአንድ የሥጋ ከብት 55 ዶላር ሲቆርጥ፣ የመራቢያ ከብቶችን ግን ከነጭራሹ አስቀርቷቸዋል። ይህ የቤተሰብ ጠባይ ይሁን የግል ዝንባሌ በጽሑፍ እንዲያስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ኤፕሪል 16 በረት ውስጥ ለተገኙ ሰንጋዎች
ለካንሳስ ስንዴ
ለመራቢያ ላሞች (እንዲያውቁት ያህል ብቻ፤ የሁለተኛው ዙር ክፍያ አልተመለከታቸውም)