ደወሉ ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ይህን ካልተነፈስኩት ዛሬም እንቅልፍ አይወስደኝም። ትናንት ከቅዳሴ መልስ እናቴን ይዤ ከጆርጅታውን ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ወደሚወጣው የአሮጌው የጀልባ ቦይ፣ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ፣ መንገድ ሄድኩ። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ሐኪሟ ሜዳ ሜዳውን እንድትራመድ መክሯታል፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ እንደዚህ ለጥ ያለ መንገድ አላውቅም።

ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳንሄድ አንድ ብስክሌት ሽው ብሎ በክርኗ ሥር አለፈ። ደወል የለ፣ ኮቴ የለ! "በስመ አብ!" ብላ ክንዴን ጨመደደችው። ሁለተኛው የባሰ ነው። አጠገባችን ሲደርስ "በግራ!" ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ በግራችሁ ላልፍ ነው ማለቱ ነው። እናቴ ከእንግሊዝኛ ግራና ቀኝን ታውቃለችና እንደ ታዛዥ ሰው ወደ ግራ ሄደችለት። ምን ታድርግ? ፍሬኑን ጨብጦ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተና እኛኑ ገላምጦን ሄደ። ሦስተኛው ቅዳሜ የዘነበው ዝናብ ባቆረው ውኃ መሃል እየበረረ ነጭ ነጠላዋን በጭቃ አዥጎረጎረው።

ቦታው ዛሬ ፓርክ ነው፤ ደንቡም እኮ ግልጽ ነው። ብስክሌት ደወል ይኑረው፣ ሰው ሲያልፍ ይደውል፣ በሰዓት ከ15 ማይል አይለፍ፣ ቅድሚያ ለእግረኛ ይስጥ ይላል። ከውድ ብስክሌት ላይ ግራም ለመቀነስ ሲሉ ደወሉን ፈትተው የሚጥሉ እንዳሉ አውቃለሁ። አንድ ደወል ስንት ኪሎ ቢመዝን ነው?

አግዳሚ ወንበር ላይ አሳርፌያት ስለ ቦዩ አጫወትኳት። ቁፋሮው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1828 ተጀምሮ በ1850 ሜሪላንድ ውስጥ ካለችው ከምበርላንድ ከተማ መድረሱን፣ ርዝመቱ 297 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን፣ እኛ የምንሄድበት መንገድ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን በገመድ የሚጎትቱ በቅሎዎች መሄጃ እንደነበረ ነገርኳት። በቅሎ ስል ነቃ አለች።

"ታዲያ ቃጭል አልነበራቸውም?"

ጀልባ ነጂዎቹ ጀልባን ከፍና ዝቅ ወደሚያደርጉት የውኃ በሮች ሲቃረቡ ጠባቂው እንዲከፍትላቸው ጥሩንባ ይነፉ እንደነበር ነገርኳት።

"ጥሩንባ እየነፉ ነበር የሚመጡት በይኛ! እነዚህ ታዲያ ከማን ተማሩት?"

መልስ አልነበረኝም። በ1924 ጎርፍ አፈራርሶት ቦዩ ሥራ ካቆመ በኋላ እኮ ይህ ቦታ የመኪና መንገድ ሊሆን ታስቦ ነበር። በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ሰዎች አስከትለው ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን ስምንት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ነው ሐሳቡን ያስቀየሩት፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። ያ ሁሉ እግር የተላጠው መኪና እንዳይገባ ነበር። ይኸው የመኪናው ጥድፊያ በሁለት ጎማ ገባላችሁ።

ማን ላይ ቆመሽ ማንን ታሚያለሽ እንዳትሉኝ፣ እኔም ብስክሌት እነዳለሁ። እግረኛውም ጻድቅ አይደለም። ጆሮውን ደፍኖ የሚሄድ አለ፤ እሱ በአንዱ ጠርዝ፣ ውሻው በሌላው ጠርዝ፣ ማሰሪያው መሃል ላይ እንደ ኬላ ገመድ የተወጠረ አለ። የእኛ ሰው ደግሞ አምስት ሆኖ ጎን ለጎን ይሄድና ዘመድ ሲያገኝ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ይሳሳማል፤ ደውዬ፣ ደግሜ ደውዬ፣ በመጨረሻ ወርጄ አብሬ የተሳሳምኩበት ቀን አለ። ግን ደወልኩ!

ነጠላው ሁለት ጊዜ ታጥቦ ጭቃው አልለቀቀም። እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ቃጭል እንድፈልግላት አዝዛኛለች፤ እሑድ ስንሄድ እሷው ልታንጠለጥለው። የቀለደች መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ማታ ገዝቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ።