ለቅልቅል ክሬም የቀረበ ምስጋና

ቅቤ የምትገዛ እናት አይታችሁ ታውቃላችሁ? በጥፍሯ ጫር ታደርገዋለች፣ ታሸተዋለች፣ መዳፏ ላይ አሽታ ታቀልጠዋለች፤ «ምን ደባልቀህበት ነው?» ብላ ነጋዴውን ታፋጥጠዋለች። ልቧ ካልተቀበለው ጥላው ትሄዳለች። ልጇ ግን ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ተገላግላለች። ፊት ያቀላል የተባለ ቅልቅል ክሬም፣ ምንም ባልተጻፈበት ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ቴሌግራም ላይ ታያለች፣ ከሥሩ «ውስን ፍሬ ነው ያለን፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ታነባለች፣ ብሩን ትልካለች፣ በሞተር ይመጣላታል፣ ማታውኑ ትለቀለቀዋለች። ሰው ሰውን በማያምንበት በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ መተማመን ከየት ይገኛል? (ወንዶችም አትሳቁ። ከእህታችሁ ዕቃ በጣታችሁ እየጠለቃችሁ የምትቀቡ ሞልታችኋል።)

ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ ነውር ነው። እኛ ግን የቀማሚዋን ሙያ ለማድነቅ ያህል ክዳኑን ከፈት እናድርገው። መሠረቱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ የሰውነት ሎሽን ነው። በላዩ አንድ ሁለት ቲዩብ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ይጨመቅበታል፤ ሐኪም ለችፌና ለሶሪያሲስ የሚያዘው ስቴሮይድ ማለት ነው። ቀጥሎ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ ማቅሊያ መድኃኒት ያለበት ክሬም፣ ለሞገስ ጥቂት ፍሬ ቫይታሚን ኢ፣ ለሽታ ጠብታ ሽቶ። ከዚያ በማንኪያ እጀታ ይማሰላል። ሚዛን የለ፣ መለኪያ የለ፤ የዚህ ወሩና የሚቀጥለው ወር ዕቃ የሚመሳሰሉት በክዳናቸው ብቻ ነው።

ውጤቱ ደግሞ አያሳፍርም። ስቴሮይዱ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ብግነትን ያፍናል፣ ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ያዳክማል። ስለዚህ ብጉሩ በሳምንት ይሟሽሻል፣ ፊት ይለሰልሳል፣ ይቀላል፤ «በሰባት ቀን» ያለችው ሻጭ አልዋሸችም። ክሎቤታሶልን ከሁለት ሳምንት በላይ አትቀቡ፣ በሳምንት ከ50 ግራም አትለፉ፣ ፊትማ አታስነኩት የሚሉት ሐኪሞች ደስታ የማይወዱ ሰዎች ናቸው። ከሁለት ወር በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ጉንጭ ላይ ቀጫጭን ቀያይ የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ አገጭና ግንባር ላይ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆነ ጥቃቅን ብጉሮች ይፈላሉ፣ ፀጉር ባልነበረበት ፀጉር ይበቅላል። ዓይን አካባቢ ከተደጋገመ የዓይን ግፊትንም ሊጨምር ይችላል። አቤቱታ ይዛ ለመጣች ደንበኛ መልሱ ተዘጋጅቷል፦ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ቆሻሻውን እያወጣልሽ ነው፤ እንዳታቋርጪ!» ብታቋርጥማ ፊቷ በቀናት ውስጥ ይነዳል፣ ያብጣል፣ ይላላጣል። መልሳ ስትቀባው ይበርዳል። ደንበኛውን እንዲህ አስሮ የሚይዝ ሸቀጥ ሌላ የት አለ? ባንኮች ቢቀኑ አይፈረድባቸውም።

የሃይድሮኪኖንም ውለታ ቀላል አይደለም። ከ2 እስከ 4 በመቶ ሆኖ፣ ለጥቂት ወራት፣ በሐኪም ክትትል ለማዲያት ይታዘዛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2001 ቆዳ ከሚያቀሉ መዋቢያዎች አስወጥቶታል። እኛ ግን ለጋሶች ነን፤ በመቶኛ ሳንጨነቅ ዓመት ከዓመት እንቀባዋለን። ሲበዛና ሲረዝም ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ፣ በጉንጭ አጥንት በኩል፣ ሰማያዊ ቢጤ ጥቁረት ያወጣል። ኦክሮኖሲስ ይሉታል፤ ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ለመቅላት ከፍሎ መጥቆር፣ ሁለት አገልግሎት በአንድ ሒሳብ!

«እኔ ቅልቅል አልቀባም፣ ታሽጎ ከውጭ የመጣ ነው የምጠቀመው» የሚሉ ጨዋዎችም አልተረሱም። ካርቶኑ ላይ ካሎሜል፣ መርኩሪክ አዮዳይድ ወይም አሞኒየትድ መርኩሪ የሚል ካገኛችሁ ሜርኩሪ ገዝታችኋል፤ ብዙዎቹ ግን ጭራሽ አይጽፉትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው፣ ሜርኩሪን ለመግታት አገሮች የገቡት የሚናማታ ስምምነት በመዋቢያ ውስጥ ሜርኩሪ ከሚሊዮን 1 እጅ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ በ2023 አባል አገሮቹ ያችም እንድትቀር ተስማሙ። ኩላሊት ይጎዳል፣ በፎጣና በትራስ አድርጎም ልጅ ጋ ይደርሳል። አንዳንዱ ማሸጊያ ላይ «ወርቅ፣ ብርና አሉሚኒየም አያስነኩ» የሚል ማሳሰቢያ አለ። ጠንቃቃዋ እህታችን ታዲያ ማሳሰቢያውን አክብራ ቀለበቷን ታወልቃለች፣ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች፣ ከዚያ ክሬሙን ፊቷ ላይ ታሻለች። ወርቅ ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ?

ሎሚ በቤኪንግ ፓውደር ለውሶ የሚቀባውስ ወገን? «ተፈጥሯዊ ነው» ይላሉ። ሳማም ተፈጥሯዊ ነው። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ፊት በቀናት ውስጥ ተቃጥሎ ሊጠቁር ይችላል።

ከዱባይ በሻንጣ ለሚመጣው ቫይታሚን ሲ ሴረም ደግሞ ክብር የምንሰጠው በአቀማመጥ ነው። እንግዳ እንዲያየው መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እናቆመዋለን። ብርሃንና አየር ያበላሹታል፤ ሲገባ ውሃ የመሰለው ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ቡናማው ሞቷል። እኛ ግን «አሁን ጠነከረ» ብለን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እንቀባዋለን፤ ይህን ያህል ብር ወጥቶበት ይደፋል እንዴ?

ቆዳው እንዲህ በብዙ ወጪ ከሳሳ በኋላ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ግዢ ሲባል «ኧረ ውድ ነው!» ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላለች፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስስ ደመናም ብዙ አያግደውም። ማዲያት ያለበት ሰው ብረት ኦክሳይድ ያለበትን፣ ቀለም ያለውን ሰንስክሪን ቢመርጥ የሚታየውን ብርሃን ጭምር ይከላከልለታል፤ ነጭም አያስመስልም። መጠኑ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ሙሉ ርዝመት የተጨመቀ ሁለት መስመር ነው፣ ለፊትና ለአንገት፤ ደጅ የሚውል በየሁለት ሰዓቱ ይደግማል። በዚህ ልክ በቀን አንዴ ብቻ ቢቀባ እንኳ 50 ሚሊ ሊትር ከወር ትንሽ ፈቅ ቢል ነው። የእኛ ግን በረከት ያለው ነውና ከመስከረም እስከ መስከረም ያደርሳል፤ ለሠርግ ቀን ብቻ፣ የምስር ፍሬ በምታህል።

ቫዝሊንንማ ማን ያወራለታል? ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ስስ አድርገው ቢቀቡት እንደ እሱ እርጥበት የሚይዝ የለም። ግን እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ያገኘ ነገር ቲክቶክ ላይ ምን ይባልለታል? ዋጋው እንኳ በአደባባይ የሚነገር ነው።

የቆዳ ሐኪም ጋ ተራ የሚያዘው ሁሉም ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው።

«ምንድን ነው የተቀባሽው?»

«ክሬም።»

«ስሙ?»

«ነጭ ነው። ክዳኑ ሮዝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ብዙም አይደል፣ ከፋሲካ ወዲህ… ካምናው ፋሲካ።»

ሐኪሙ በአንድ ቀን አያስጥላትም። ለዘብ ወዳለ ስቴሮይድ ያወርዳታል፣ ቀናቱን እያራራቀ በሳምንታት ውስጥ ያስተዋታል። «በሚቀጥለው ስትመጪ ዕቃውን ይዘሽው ነይ» ይላታል። ይዛ መምጣት አልቻለችም፤ ለአክስቷ ልጅ ሰጥታዋለች። ግማሹ ገና ነበር፣ ይጣላል እንዴ?