ጌሾዬን ያያችሁ

ከሜልበርን ሦስት ሰዓት ገደማ ነድተን ኪንግ ቫሊ የሚባል የወይን ሸለቆ ገባን። የሥራ ባልደረባዬ ነው «ወይን ቅምሻ» ብሎ የጎተተኝ። ቅምሻ ከሆነ ማን ይጠላል?

አስተናጋጇ ከብርጭቆው ሥር ጠብ አደረገችልን። አጠገቧ ባልዲ አለ። ባልደረባዬ ተጉመጠመጠና ባልዲው ውስጥ እንትፍ አለው! የተከፈለበትን ወይን! ጠጅ ቤት ገብቶ ብርሌውን እንዲህ ያደረገ ሰው በየትኛው በር እንደሚወጣ ታውቁታላችሁ። እኔ ሁሉንም ዋጥኩ።

ያንገበገበኝ ግን ባልዲው አይደለም። የወይኑ ስም ሲጠራ ጣሊያን የገባሁ ነው የመሰለኝ። ሳንጆቬዜ፣ ባርቤራ፣ ኔቢዮሎ፣ ፕሮሴኮ። የሸለቆው ጣሊያኖች ድሮ ትምባሆ ገበሬ ነበሩ። ትምባሆው ሲከስር ወደ ወይን ዞሩ። አረፋ ያለው ነጭ ወይን የሚጠመቅበትን ፕሮሴኮን አውስትራሊያ ውስጥ መጀመሪያ የተከለው ኦቶ ዳል ዞቶ ነው፤ በ1999። ሰውየው ጣሊያን ውስጥ የፕሮሴኮ እምብርት የሆነችው የቫልዶቢያዴኔ ልጅ ነው። ያደገበትን ነው የተከለው።

ከዚያ ጠብ መጣ። በ2009 ጣሊያን «ፕሮሴኮ የቦታ ስም ነው፣ የወይን ዝርያው ከእንግዲህ ግሌራ ይባል» አለች። እውነትም ጣሊያን ውስጥ ትሪዬስቴ ከተማ አጠገብ ፕሮሴኮ የምትባል መንደር አለች። አውስትራሊያዎቹ ደግሞ «ስንተክለው ፕሮሴኮ ነበር» ብለው ሙጭጭ አሉ። ነገሩ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የንግድ ድርድር ላይ ሳይቀር ደረሰ። እኔ፣ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት አውጥቶ፣ ፍርድ ቤት እስኪሽረው ድረስ ስንቃጠል የነበርነውን አስታውሼ ለጣሊያን ወገንኩ። ለጣሊያን! አያቴ ቢሰሙ ከመቃብር ይነሱ ነበር።

ቆይ፣ ወደ ነገሬ። ባለፈው ወር እናቴ ስትመጣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ጌሾ በነጠላ ጠቅልላ አምጥታልኝ ነበር። ኤርፖርት ላይ ተቆጣጣሪው ፈታው። አሸተተው። ከእንጨት ከቅጠሉ ጋር ጠቅላላ ቆሻሻ ውስጥ ከተተው። እናቴ «ምነው ልጄ፣ ጌሾ እኮ ነው» ትለዋለች፣ በአማርኛ።

እና የጣሊያኑ ወይን በየት በኩል ገባ? አስተናጋጇን በንዴት ጠየቅኳት። ከውጭ የሚመጣ የወይን ቁራጭ መጀመሪያ ኳራንቲን ይተከላል አለችኝ፤ በሽታ እንደሌለበት እስኪረጋገጥ ዓመት አልፎት ይቆያል። ዓመት! እኛ ለጠጁ የቸኮልነው ለቅዳሜ ነው። ያለ ጌሾ ጣልነው፤ ብርዝ ሆኖ ቀረ። እንግዶቹ በትህትና ጠጡት። ከትህትናቸው ስድባቸው ይሻለኝ ነበር።

ለማካካሻ ሁለት ጠርሙስ ፕሮሴኮ ገዝቼ ገባሁ። እናቴ ቀመሰችው። ዝም አለች። ደግማ ቀመሰችው።

«ጌሾ አንሶታል» አለች።