«ትንሽ ዳገት ናት» ላሉን ሰዎች

ዛሬ ሰው አይቀየመኝ፣ ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የከረመ ነው።

«ትንሽ ዳገት ናት» ተባልን። ትግራይ፣ ገርዓልታ፣ ተራራ ላይ ከዓለት የተፈለፈለው የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን! የሄደ ሰው ይፍረደኝ። ዳገቱ ሲያልቅ ጫማ ይወልቅና ቀጥ ያለ ዓለት በባዶ እግር ይወጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ስፋቱ ግማሽ ሜትር የምትሆን ጠርዝ፣ ከሥሯ 200 ሜትር ገደማ ገደል። አጥር የለም። አጥር ይሠራለት እያልኩም አይደለም። ጠቤ ከገደሉ ጋር ሳይሆን ከጉዞ አስተባባሪያችን ጋር ነው።

ከመቀሌ ንጋት 12 ሰዓት እንነሳለን ተብሎ 4 ሰዓት ተነሳን። ቁርስ፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ አንዷ ቻርጀር ረሳሁ ብላ ተመለስን። ተራራው ሥር ስንደርስ 8 ሰዓት ሊሆን ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከ30 ሰው ውሃ የያዘው አሥር አይሞላም። ዓለቱን የሚወጣው አንድ በአንድ ነው፣ እያንዳንዱን የአካባቢው ልጆች እግሩን እየያዙ ነው የሚያሳልፉት፣ ታዲያ 30 ሰው ጭኖ በዚያ ሰዓት የሚመጣ ሰው መደመር አይችልም?

ልጆቹን ግን እግዜር ይስጣቸው። አንዱ ተረከዜን በመዳፉ ይዞ ዓለቱ ላይ ያለች ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ አስቀመጠልኝ። ስንት እግር እንደረገጣት እንጃ፣ እንደ ሸክላ ለስልሳለች። «አጆኺ» ይለኛል፣ አይዞሽ ማለቱ ነው። ትግርኛ አልችልም፣ ያቺን ቃል ግን እስክሞት አልረሳትም። «ክፍያው ሁሉንም ያጠቃልላል» ያለን ሰውዬ በኋላ ከእነዚህ ልጆች ጋር በሃምሳ ብር ሲከራከር አየሁት። ነፍሳችንን ይዘው ካወረዱን ልጆች ጋር!

ውስጡንማ ምን ልበላችሁ። በአንዱ ጉልላት ሐዋርያቱ፣ በሌላው ተስዓቱ ቅዱሳን፣ ቀለማቸው ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። አለቀስኩ። በውበቱ ይሁን በድንጋጤ አላውቅም።

መውረድ የጀመርነው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስትወጡ እጃችሁን ታያላችሁ፣ ስትወርዱ ግን እግራችሁ የት እንደሚያርፍ አይታይም። ጨለማ ሲጨመርበት አስቡት። የስልክ መብራት እንዳናበራ ግማሹ ሰው ባትሪውን በቪዲዮ ጨርሶታል። አንዱ ጎረምሳ ጭራሽ ጠርዟ ላይ ቆሞ «አንድ ብቻ አንሺኝ» ይለኛል። እኔ በአራት እግሬ እየሄድኩ!

የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ይዘሃል ወይ ብዬ አስተባባሪውን ጠየቅኩት።

«እስካሁን ማን ወድቆ ያውቃል? ትንሽ እምነት ይኑርሽ እንጂ።»

«በአቡነ የማታ አምናለሁ፣ የማላምነው አንተን ነው» አልኩት። ሳቀ።

ትናንት ደግሞ የሚቀጥለውን ጉዞ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ለቤተሰብ የሚሆን ቀላል የእግር ጉዞ» ይላል። ፎቶው ላይ ዓለቱን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ፈገግ ያልኩ እመስላለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ነው።