«እስቲ ሱሪህን ሰብስብ»

የአገሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ደብረ ብርሃን ያላችሁ፣ መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና፣ እነዋሪ፣ ዓለም ከተማ ያላችሁ፣ ሁላችሁም ስሙኝ። ራሴንም ጨምሬ ነው የምቆጣው። ለምን እንደሆነ ቶሎ ይገባችኋል።

አምና በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሳ። መዋጮ አሳልፎ የማያውቅ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። ልጁን ይዞ መጥቷል። 11 ዓመት ቢሆነው ነው። አባትየው ጋቢውን አስተካከለና «የልጄ ደም አይረጋም። ሕክምናው አዲስ አበባ ነው። አቅሜ አልቋል፤ እንግዲህ እናንተው ታውቃላችሁ» አለ። ይቺን ለመናገር ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ያስታውቃል። ሊቀመጥ ሲል ከኋላ ወንበር አንዱ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ሱሪህን ሰብስብና አሳየን።»

አባትየው የእድሩን ዳኛ አየ። ዳኛው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ልጁ ማንንም ሳያይ ጎንበስ ብሎ የግራ ሱሪውን ጠቅለል ጠቅለል አደረገ። ጉልበቱ ቅል አክሏል። ከጉልበቱ በላይና በታች ያለው እግር ግን እንጨት ነው። የኋላዎቹ ለማየት ተንጠራሩ። አንዲት እናት «ውይ፣ በሞትኩት» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ 3000 ብር ተወሰነ። ተጨበጨበ።

እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የልጁ ጉልበት ለአባላት ታይቷል» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ እቤቴ አለ።

ያ ልጅ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አሳየን አይልም ነበር። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ በደንቡ መሠረት 15000 ብር ይከፈላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። ሦስት ቀን ሙሉ አብረን እንቀመጥ ነበር። ለሞተ ሰው ደንብ አለን። የታመመውን ግን ጉልበቱን ካላየን አናምንም።

በሽታው ሄሞፊሊያ ይባላል። ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት፣ ፋክተር ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ከውልደት ጀምሮ ይጎድላል። ፋክተር 8 ከጎደለ ሄሞፊሊያ ኤ ነው፤ ፋክተር 9 ከጎደለ ደግሞ ቢ። ኤ የሚባለው በግምት ከ5000 ወንድ ልጆች በአንዱ ላይ ይገኛል። ሰው «ደም አይረጋም» ሲባል ቢላዋ የቆረጠው ጣት ነው የሚታየው። ክፉው ግን ውስጥ ለውስጥ የሚደማው ነው። ልጁ ሳይወድቅ፣ ሳይመታ፣ ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት ጉልበቱ ወይ ቁርጭምጭሚቱ በደም ተሞልቶ ይነሳል። ያብጣል፣ ይግላል፣ አላስነካም ይላል። ይህ በተመላለሰ ቁጥር መገጣጠሚያው እየተበላ ይሄዳል። በስብሰባው ያያችሁት ጉልበት የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

እኛ ደግሞ ምክር አናጣም። «ወለም ብሎት ነው፣ ወጌሻ ጋ ውሰዱት።» ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ያሸዋል፤ የደማው እንደገና ይደማል። «ዲክሎ ይወጋና ይለቀዋል።» ይሄኛው ይብሳል። መርፌው ጡንቻ ውስጥ ሌላ መድማት ይከፍታል፤ መድኃኒቱም በራሱ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። አስፕሪንም ያው ነው። ወጌሻን እንወዳለን፤ የኔንም ትከሻ ያስተካከሉት ወጌሻ ናቸው። ለዚህ ልጅ ግን እጃቸውን ይሰብስቡ።

የልጁ ነገር የታወቀው በስምንተኛው ቀን ነው። ተገረዘ፤ ደሙ አልቆም አለ። አመድ ተነሰነሰበት፣ ቡና ተደረገበት። ሐኪም ቤት የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ያውም ከንፈሩ ነጥቶ። ሰፈሩ ግን ከሐኪሙ ቀድሞ ፈርዶ ነበር። ግማሹ «የገራዡ እጅ ከባድ ነው» አለ። ግማሹ «ቡዳ ነው» አለ። እንደ እኛው በስምንተኛው ቀን የሚገርዙት የአይሁድ ሊቃውንት፣ ሁለት ልጆች በግርዛት የሞቱባት እናት ሦስተኛውን እንዳታስገርዝ ካሉ 1800 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ያኔ ስለ ፋክተር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ብለው አይተው ነው።

እኛን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በዘር የሚመጣውን ቡዳ እንላለን። አፈር ያመጣውን ደግሞ ዘር እንላለን። እግሩ ያበጠ ገበሬ በየወረዳው አይታችኋል፤ ዝሆኔ የምንለው። ለሱ ተጋላጭ የሆነ ቤተሰብ አለ፤ ቢሆንም ቀይ አፈሩን በባዶ እግር ዕድሜ ልክ ካልረገጡት አይመጣም። ጫማና የእግር መታጠቢያ ውሃ ይከላከለዋል። እኛ ግን ስንት ዓመት «ዘራቸው ነው» እያልን የነዚያን ሰዎች ልጆች ሳናገባ ኖርን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የእድሩ 3000 ብር ለሁለት ጉዞ እንኳ አልበቃም። መድኃኒቱ ራሱ፣ የጎደለው ፋክተር ማለት ነው፣ በእርዳታ ሲመጣ በነጻ ይሰጣል። ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ አባትየው ትቶት የሚሄደው የአጨዳ ሥራ አለ። የጤና መድን ደብተር አላቸው፤ ደብተሩ ለአልጋ አይከፍልም። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ደብተርም ብርም አይረዳም። ስለዚህ የአባትየው ዘመዶች መከሩና በገበያ ቀን ሚኒባስ ላይ ሞንታርቦ ጭነው ወጡ። የልጁ ፎቶ ባነር ላይ ነው፤ አሁንም ጉልበቱ ፊት ለፊት። እኔ ሽንኩርት ልገዛ ቆሜያለሁ። አጠገቤ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«ይሄ የነእንትና ልጅ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው። የዘር ነው አሉ።»

«በስመ አብ! እህቱን ለጎረቤታችን ልጅ ጠይቀዋት አልነበር?»

ሁለቱም ቦርሳቸውን ከፍተው አስር አስር ብር ጣሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ አንደኛዋ እንባዋንም ጠርጋለች። በሳምንቱ ግን የልጅቷ ሽማግሌዎች ቀሩ። አስር ብር ሰጥተን የልጅቷን ትዳር ይዘን ገባን ማለት ነው።

አዎ፣ በዘር ይተላለፋል። እንዴት እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም። ጉድለቱን የምትሸከመው ብዙ ጊዜ ጤነኛ መስላ የምትኖር ሴት ናት። ወንድ ስትወልድ የመታመሙ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ሴት ስትወልድም ልጅቷ ተሸካሚ የመሆኗ ዕድል ግማሽ ነው። የታመመ አባት ለወንድ ልጁ አያወርስም፤ ሴቶቹ ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ደግሞ ከነሱ በፊት በቤታቸው አንድም ሰው ያልታየባቸው ናቸው። «ይሄን ነገር ከናትሽ ቤት ይዘሽብን መጣሽ» የምትሉ አማቶች ይህቺን ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ።

ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። ደግ ልማድ ነው። ይሄን በሽታ ግን አይይዘውም፤ በደህናዋ ሴት በኩል ስለሚያልፍ ቆጠራው ሳያየው ያልፋል። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ተሸካሚ ነበረች። ሴቶች ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ለአውሮፓ ነገሥታት ተዳሩ፤ በሽታው እስከ ሩሲያው አልጋ ወራሽ ደረሰ። ከሰው ሁሉ በላይ ዘር የሚቆጥሩት እነሱ ነበሩ። እዚህም የሣህለ ሥላሴ ዘር ነኝ የማይል የለም መቼም፤ እኔም አንዳንዴ ያምረኛል።

ያቺ እህት አልታመመችም። ተሸካሚ ልትሆንም ላትሆንም ትችላለች። ብትሆን የሚያስፈልጋት ቀላል ነው። ስታረግዝ ለሐኪም መናገር፣ ሆስፒታል መውለድ፣ ወንድ ከሆነ ሳይመረመር አለማስገረዝ። ለዚህ ሽማግሌ አይቀርም።

እንዲህ ስለምናደርግ ነው ብዙዎቹ የሚደበቁት። ወደ መንዝ ገባ ብሎ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ አንዲት እናት አውቃለሁ። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ይደማሉ። «ለምን እርዳታ አትጠይቂም?» ብላት «ሦስት ሴቶች አሉኝ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ እቤቷ ፍሪጅ የለም። የሚቀመጠው ግሮሰሪ ውስጥ፣ በቢራዎቹ መሐል፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ነው። ባለግሮሰሪው ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። መብራት ሲጠፋ ቢራውን ትቶ ፌስታሉን ብርድ ላይ ያወጣዋል። ቄስ አይደለም፣ የእድር ዳኛም አይደለም። ከኛ ሁሉ የተሻለው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንዱ ደግሞ «ባለፈው ሰጥተናችሁ አልነበር?» ይላል። አዎ ሰጥታችኋል። ግን ይሄ አንዴ ተቀዶ የሚያልቅ ቀዶ ሕክምና አይደለም። «ይህን ያህል ብር ቢሞላ ልጃችን ይድናል» የሚለው የሞንታርቦ ቋንቋ ያበላሸን ይመስለኛል። ሄሞፊሊያ እንዲያ አይድንም። መድኃኒቱን በጊዜው ካገኘ ልጁ ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል። ካላገኘ ያነክሳል፣ ወይም ጭንቅላቱ ውስጥ ደምቶ ይሞታል። የልጁ ሕመም በየወሩ አለ። የኛ ለጋስነት ደግሞ የአንድ ቀን ነው፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ይኮሳተራል።

«አጭበርባሪ በዛ» ትሉኛላችሁ። በዛ። የሞተ ሰው ፎቶ ይዞ የሚለምን እኔም አይቻለሁ። ግን የሐኪም ወረቀት የሚባል ነገር አለ። ስልክ አለ። ገንዘብ ያዣችን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ አንድ ወረቀት አንብበው እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት አያቅታቸውም። ለዚያ የ11 ዓመት ልጅ በ80 ሰው ፊት ሱሪውን መሰብሰብ ነበረበት?

ጸበልንም ላንሳ፣ ቅር እንዳትሰኙ። ጻድቃኔ ማርያምም፣ ሸንኮራ ዮሐንስም ሂዱ፤ እናቴም እዚያ ነው የዳነችው ትለኛለች። መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ ነው የምለው። «መድኃኒት ከያዝክ እምነት የለህም» የሚሉትን አትስሙ።

ደም መስጠትም አለ፣ ወጪ የሌለበት። ፋክተሩ በጠፋ ጊዜ ሐኪሞቹ የሚጠቀሙት ከሰው ደም የሚለየውን ፕላዝማ ነው። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። የበዓል ሰሞን ቲሸርት ስለተሰጠ ብቻ አትሰለፉ።

ያ በእርዳታ የሚመጣው መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ፍራንክ ሽናበል የሚባል የካናዳ ሰው ነበር። ራሱ ከባድ ሄሞፊሊያ ነበረበት። በእኛ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽንን አቋቋመ። የልደቱ ቀን ሚያዝያ 9 የዓለም የሄሞፊሊያ ቀን ሆኖ ይከበራል። ዛሬ ያ ማኅበር አቅም ለሌላቸው አገሮች መድኃኒት በእርዳታ ይልካል። የኛን ልጅ ስም አያውቁም። ጉልበቱንም አላዩም።

የፊታችን እሁድ ስብሰባ አለን። አጀንዳ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አንደኛ ተራ ላይ የደንብ ማሻሻያ አድርጌዋለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሕመም ላለበት የአባል ቤተሰብ እድሩ በየሦስት ወሩ የመጓጓዣና የአልጋ ወጪ ይከፍላል። ማረጋገጫው የሐኪም ወረቀት ሲሆን የሚያዩትም ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ናቸው። በቃለ ጉባኤ ስም አይጻፍም።» መዋጮው በወር 20 ብር ይጨምራል። የምትቃወሙ ኑና ፊት ለፊት ተቃወሙ፤ እጅ ታወጣላችሁ፣ እቆጥራለሁ።

ልጁ አይመጣም። ለአባቱ ነግሬዋለሁ።