አለቃ በሚያነበው መጠይቅ ላይ ተፈጥሮን የሚጠላ ማን አለ?

ሠራተኞች ስለ ተፈጥሮ አካባቢ ያላቸውን አመለካከት መለካት የብዙ ድርጅቶች ልማድ እየሆነ ነው። መጠይቅ ይበተናል፣ ይሞላል፣ አማካይ ይሰላል። ከዚያ «ሠራተኞቻችን ለአካባቢ ተቆርቋሪ ናቸው» የሚል ሪፖርት ይወጣል። እኔ በዚህ ሪፖርት ብዙም አላምንም።

መለኪያ ጠፍቶ አይደለም። በጣም የታወቀውን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሪሊ ደንላፕና ኬንት ቫን ሊየር ናቸው። ያኔ 12 ዓረፍተ ነገሮች ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ተሻሽሎ 15 ሆነ። መልሱ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ይሄዳል። በ8ቱ መስማማት ለተፈጥሮ መቆርቆርን ያሳያል፤ በ7ቱ መስማማት ደግሞ ተቃራኒውን። ሳያነብ ሁሉም ላይ «እስማማለሁ» የሚል ሰው እዚህ ላይ ይነቃበታል። መልሶቹ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ተሰጥቷቸው ሲደመሩ ታዲያ የ7ቱ ነጥብ መገልበጥ አለበት፤ 5 የነበረው 1፣ 1 የነበረው 5 ይሆናል። ይህን ረስቶ የደመረ፣ ውጤቱን ቢጥለው ይሻለዋል።

ችግሩ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ዕፅዋትና እንስሳት የሰውን ያህል የመኖር መብት እንዳላቸው ይናገራል። ወረቀቱን የሰጠው አለቃው ሆኖ ሳለ «አልስማማም» የሚል ስንት ሰው ይገኛል? «ስም አይጻፍም» መባሉም ብዙ አይረዳም። የሥራ ክፍል፣ ጾታና የአገልግሎት ዘመን ከተሞላ፣ ሦስት ሰው ባለበት ክፍል ስም እንደተጻፈ ቁጠሩት።

ቃልና ተግባር ደግሞ ድሮም ለየቅል ናቸው። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ ተመራማሪ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ዞሮ፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1934 አሳተመ። ከ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች አላስተናግድም ብሎ የመለሳቸው አንድ ብቻ ነበር። በኋላ ቻይናውያንን ያስተናግዱ እንደሆነ በደብዳቤ ሲጠየቁ፣ መልስ ከሰጡት ከ90 በመቶ በላይ «አናስተናግድም» አሉ። እዚያ ቃሉ ከተግባሩ ከፋ። በአካባቢ ጉዳይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ደግ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አይሴክ አይዘንና ማርቲን ፊሽባይን እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳዩት ነገር ለዚህ መላ አለው። አመለካከት ተግባርን በደንብ የሚተነብየው ሁለቱ ስለ አንድ የተወሰነ ነገር ሲሆኑ ነው። መካኒኩን የምድር ሀብት ውስን ስለመሆኑ ብትጠይቁት ፍልስፍና ይመልስላችኋል። ይልቅ «በዚህ ወር የተቃጠለውን ዘይት የት ታስቀምጣለህ?» በሉት። በርሜሉ ከሞላ ሰንብቷል፣ ወይም ያለበት መጋዘን ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ነው፣ ወይም እዚያ ደርሶ ሲመለስ ቀጣዩ መኪና ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወደ ቱቦው ይደፋዋል። ይህ ሰው ተፈጥሮን ሊወድ ይችላል፣ ከልቡ። አጠቃላዩ መጠይቅ ግን ስለ በርሜሉ አንዲት ቃል አይጠይቅም። ውጤቱ ዝቅ ሲል የሚታዘዘው «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና» ነው። ጥፋቱ ሁሉ የሠራተኛው ጭንቅላት ውስጥ እንዳለ!

መለካቱ ይቀጥል፣ ግን ወረቀቱን ከድርጅቱ ውጭ ያለ ሰው ይሰብስብ። ጥያቄው ሠራተኛው በእጁ ስለሚሠራው ሥራና ስለሚያደናቅፈው ነገር ይሁን። መልሱም ከመብራት ቆጣሪውና ከቆሻሻ መዝገቡ ጋር ይተያይ። ሥራ አስኪያጆቹም ይሞሉት፤ በጀት የሚያጸድቁት እነሱ ናቸውና የእነሱ ውጤት ቀድሞ ይለጠፍ።